አይሱዙ ወይስ ሚኒባስ? መጀመሪያ ጭነቱ ይታይ

በፋፈን ዞን ወረዳዎች በማኅበር የተደራጁ ወጣቶችና የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ጥቂት ገንዘብ ሲቋጥሩ አስቀድመው ከሚያነሷቸው ሐሳቦች አንዱ ተሽከርካሪ መግዛት ነው። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ምርት ከማሳ ወጥቶ ገበያ ካልደረሰ ድካሙ ከንቱ ይቀራል፤ የሚያደርሰው ደላላ ያመጣው መኪና ከሆነ ደግሞ ትርፉ መንገድ ላይ ይቀራል። ክርክሩ የሚነሣው የትኛው መኪና ይገዛ ሲባል ነው። በስብሰባ ላይ ድምፁ ጎልቶ የሚሰማውም አብዛኛውን ጊዜ “አይሱዙ ይሁን” የሚለው ወገን ነው።

አይሱዙ ግርማ አለው። እንደ ሞዴሉ ከ35 እስከ 70 ኩንታል የሚጭን መኪና በቀበሌው መሐል ሲቆም ማኅበሩ አደገ ይባላል። ነገር ግን መኪና ዕዳውን የሚከፍለው ሞልቶ በሄደባቸው ቀናት ቁጥር እንጂ በግዝፈቱ አይደለም። በጅግጅጋ ሜዳ ላይ በቆሎ፣ ማሽላና ስንዴ የሚያመርት ቀበሌ አይሱዙ የሚሞላ ጭነት የሚያገኘው ከካራን ዝናብ በኋላ፣ ምርት በሚሰበሰብባቸው ጥቂት ሳምንታት ነው። በቀሩት ወራት፣ በተለይም በጅላል፣ ያው መኪና አሥር ኩንታል ይዞ ይወጣል፤ አለዚያም ቆሞ ይውላል። አሥር ኩንታል ማለት ደግሞ አንድ ቶን ነው፤ አንድ ሚኒባስ የሚችለው ጭነት። አይሱዙው ለዚህች ጭነት ብሎ ጎማውን ከስድስት ወደ አራት አይቀንስም፤ የሾፌሩና የረዳቱ አበልም ያው ነው።

የወተቱ ጉዳይ ሲታይ ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላል። ከገጠር ቀበሌዎች ወደ ጅግጅጋ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ቶጎ ውጫሌ የሚሄደውን የግመል ወተት ንግድ በአብዛኛው የያዙት ሴቶች ናቸው። ዕቃውን በእንጨት ጢስ አጥነው፣ ወተቱን በጀሪካን ሞልተው፣ ማለዳ መንገድ ዳር መኪና ይጠብቃሉ። የግመል ወተት ከላም ወተት ይልቅ ሳይበላሽ የመቆየት ጠባይ አለው። ይህ ጠባዩ ግን ልክ አለው፤ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ታስሮ ለሰዓታት ፀሐይ ሲመታው ገበያ የሚደርሰው የኮመጠጠ ወተት ነው። ኪሳራው ደግሞ የሚያርፈው በባለመኪናው ላይ አይደለም፤ በሴቲቱ ላይ ነው።

ወተት እንደ እህል ጎተራ ገብቶ የተሻለ ዋጋ አይጠብቅም። በየቀኑ ይታለባል፤ በየቀኑም መሄድ አለበት። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሲሞላ ከ21 ኪሎ ግራም ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ የኋላ ወንበር የሌለው፣ አንድ ቶን የሚጭን ዝግ ሚኒባስ ከ40 በላይ ጀሪካን፣ ማለትም ከ800 ሊትር በላይ ወተት በአንድ ጉዞ ያደርሳል፤ ያውም ከጣሪያ ሥር፣ በጥላ። ሲመለስ ስኳር፣ ዱቄት፣ ዘይትና የእንስሳት መድኃኒት ይዞ ይመጣል። ቀበሌው በቀን ከዚህ የበለጠ ወተት ካላወጣ አይሱዙ ምን ይጨምርለታል? በመስኖ ቲማቲም ለሚያለማ ገበሬም ስሌቱ ተመሳሳይ ነው። ከአወዳይ ጫት የሚያመላልሱ ነጋዴዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ዕቃቸው በየሰዓቱ ዋጋው ስለሚወርድ ከሁሉ አስቀድመው የሚያዩት ሰዓት ነው። (የሾፌሮቻቸውን አነዳድ መከተል ግን አያስፈልግም።)

ሚኒባስ ሲባል የሕዝብ ማመላለሻ ማለት እንዳልሆነ በውል መታወቅ አለበት። ለወተት ተብሎ የተገዛ ባለ ወንበር ሚኒባስ ቀስ በቀስ የተሳፋሪ መኪና መሆኑ አይቀርም። ተሳፋሪ ወዲያው ጥሬ ገንዘብ ይከፍላል፤ ጀሪካኑ ወደ ጣሪያ ይወጣል፤ ቆይቶም መንገድ ዳር ይቀራል። ሰው ለማጓጓዝና ደረቅ ጭነት ለማጓጓዝ የሚጠየቀው መንጃ ፈቃድም የተለያየ በመሆኑ፣ ማኅበሩ ልጆቹን ወደ ማሠልጠኛ ከመላኩ በፊት ይህን መወሰን ይኖርበታል። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም ጀምሮ የታለመ የነዳጅ ድጎማ ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ሲሰጥ ብዙዎች ወደዚያው ያዘነበሉበት ምክንያት ይገባል። ሆኖም ድጎማው ደረጃ በደረጃ እንዲቀንስ ሆኖ የተቀረጸ ነው፤ የዓመታት ዕቅድን በእሱ ላይ መመሥረት አያዋጣም።

ለአይሱዙ የሚከራከሩትም እውነት አላቸው። በጎችንና ፍየሎችን ወደ ቶጎ ውጫሌ ማድረስ የሚኒባስ ሥራ አይደለም። የሐጅ ወቅት ሲቃረብ በበርበራ ወደብ በኩል የሚወጣው የቁም እንስሳ ብዙ ስለሆነ የጭነት መኪና ሥራ አያጣም። ችግሩ ይህ ሥራ በወረዳው እጅ አለመሆኑ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በ2000 በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት ከአፍሪካ ቀንድ በሚገቡ እንስሳት ላይ የጣለችው እገዳ እስከ 2009 ዘልቋል። በዚያ ዘመን የእንስሳት ጭነትን ብቻ ተማምኖ መኪና የገዛ ሰው ዕጣ ፈንታው የተቆረጠው ባሕር ማዶ ነው። ድርቅ ሲመጣም እንዲሁ ነው፤ የከሳ እንስሳ የሚያወጣው ዋጋ የመኪና ኪራዩን እንኳ አይሸፍንም።

የብድሩ ክፍያ ግን ድርቅም እገዳም አያውቅም። በክልሉ ብዙ ሰው በሚመርጠው ከወለድ ነፃ አሠራር፣ በሙራባሃ፣ ባንኩ መኪናውን ገዝቶ የተስማሙበትን ትርፍ ጨምሮ ለደንበኛው በየጊዜው በሚከፈል ሒሳብ ይሸጣል። ክፍያው በየወሩ ከሆነ ገቢውም በየወሩ መሆን አለበት። የእህል አይሱዙ በዓመት ጥቂት ሳምንት የሚታለብ ላም ነው። በዚህ ላይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባ ጎማና መለዋወጫ ምን ያህል እንደተወደደ ጋራዥ ደጃፍ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል።

ገቢው ሲጎድል የሚመጣው ትርፍ ጭነት ነው፤ የካራማራ መንገድም የሚያሰጋው በዚህ ጊዜ ነው። ከሐረር አቅጣጫ መጥቶ ተራራውን አቋርጦ ወደ ጅግጅጋ የሚወርድ ሾፌር ከአቅም በላይ ጭኖ፣ በጭነቱ ላይ ደግሞ ሰው አሳፍሮ፣ በከባድ ማርሽ መውረዱን ትቶ ፍሬን ላይ ብቻ ሲተማመን የሚሆነው አይታወቅም። ሾፌሩን ብቻ መውቀስ ይቀላል። ነገር ግን የወሩን ክፍያ ሞላ አልሞላ እያለ በስልክ የሚያጣድፈው የማኅበሩ ሒሳብ ያዥም ከተጠያቂነት አያመልጥም።

በዝናብ ጊዜ የጅግጅጋን ሜዳ ጥቁር አፈር የሚያውቅ ገበሬ “ሚኒባሱስ ጭቃውን ያልፋል ወይ?” ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። አያልፍም። የተጫነ አይሱዙም አያልፍም። ጭቃው ሁለቱንም እኩል ስለሚይዝ ምርጫው በዚህ አይፈታም። የሚሻለው ወተቱና አትክልቱ በአህያ ጋሪ እስከ ጠጠር መንገዱ ወይም እስከ አስፋልቱ ወጥቶ፣ ጥላ ባለው መሰብሰቢያ እንዲቆይ ማድረግ ነው። ወረዳው ለተሽከርካሪ የሚሰጠውን ድጋፍ ያህል ለዚህች ጥላ ቢጨነቅ አይከፋም።

የወረዳ ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤቶች የግዢ ዕቅድ ሲቀርብላቸው የመኪናውን ዋጋ ከማየታቸው በፊት አንድ ቀላል ሰነድ ቢጠይቁ ብዙ ዕዳ ይቀራል፤ በ12ቱ ወራት በየሳምንቱ ምን ያህል ጭነት እንደሚወጣና መኪናው ሲመለስ ምን እንደሚይዝ የሚያሳይ ሠንጠረዥ። ሠንጠረዡ ዓመቱን ሙሉ ከሞላ አይሱዙ ይገዛ። አጎራባች ማኅበራት ተባብረው እህሉንም እንስሳውንም እያፈራረቁ የሚሞሉት ከሆነም እንዲሁ። በብዙ የወተት ቀበሌዎች ግን ሠንጠረዡ የሚያሳየው በየቀኑ የሚወጣ አንድ ቶን ያህል ጭነትና በመኸር የሚያስፈልግ የኪራይ አይሱዙ ነው። የኪራይ ውሉ ደግሞ ማሽላው ሳይታጨድ መፈረም አለበት፤ ኩንታሉ ተሞልቶ ሜዳ ላይ ከተደረደረ በኋላ ዋጋ የሚቆርጠው ባለመኪናው ነው።