የትሪያጅ ወንበር ለባለ ልምድ ነርስ ይሰጥ

ድንገተኛ ክፍል የደረሰ ታካሚ ሐኪም ከማየቱ በፊት ነርስ ታየዋለች። በሩ ላይ ተቀምጣ ማን አሁኑኑ ይግባ፣ ማን ይጠብቅ ብላ የምትለየው እሷ ናት። ትሪያጅ የሚባለው ይህ ሥራ ግን በየሆስፒታሉ እንደ መዝገብ ሥራ ሲቆጠር ይታያል። አዲስ የተመደበ ነርስ ይቀመጥበታል፤ ሥራውን ሲለምደው ደግሞ ወደ ሌላ ዋርድ ይዛወራል። በእኔ እምነት ከክፍሉ ሥራ ሁሉ ከባዱ ይህ ነው። ስለዚህ ወንበሩ ለባለ ልምድ ይሰጥ፤ የሚቀመጥበትም ሰው ሥልጣን ይኑረው።

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተዘጋጅቶ እኛም ዘንድ የተሠራበትን የትሪያጅ መለኪያ እንውሰድ። ትንፋሽ፣ የልብ ምት፣ የላይኛው የደም ግፊት፣ ሙቀት፣ ንቃት፣ ታካሚው በእግሩ መሄድ መቻሉና አደጋ ደርሶበት እንደሆነ በነጥብ ይደመራሉ። 7 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ቀይ ነው፤ ወዲያው ይታያል። 5 ወይም 6 ብርቱካናማ ነው፤ ከ10 ደቂቃ በላይ መጠበቅ የለበትም። 3 ወይም 4 ቢጫ ሲሆን እስከ 1 ሰዓት ይቆያል። ከዚያ በታች ያለው አረንጓዴ ነው፤ እስከ 4 ሰዓት ሊጠብቅ ይችላል።

ወረቀቱ ላይ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ከሰባቱ አንዱን፣ ትንፋሽ መቁጠርን ብቻ ቀርበን እንየው። ሰው ትንፋሹ እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱ ይለወጣል። ስለዚህ የበሰለች ነርስ የእጁን ትርታ እንደያዘች ዓይኗን ወደ ደረቱ መልሳ ሙሉ ደቂቃ ትቆጥራለች። ሰልፉ እየረዘመ፣ አስታማሚው «ሲስተር፣ በናትሽ የኔን አስቀድሚልኝ» እያለ፣ ያቺን አንዲት ደቂቃ አለማሳጠር ብርታት ይጠይቃል። የቸኮለ ግን በግምት 20 ብሎ ይጽፋል። እውነተኛው ቁጥር 30 ከነበረ 3 ነጥብ የሚያሰጠው ትንፋሽ 1 ነጥብ ብቻ ተሰጠው ማለት ነው። በድምሩ 5 ያገኝ የነበረው ሰው 3 ይሆናል፤ በ10 ደቂቃ ውስጥ መታየት ሲገባው 1 ሰዓት ይጠብቃል።

ቁጥሩ በትክክል ተቆጥሮም የማይታይ ነገር አለ። የተሰበረ ክንዱን ይዞ የሚጮኸው ወጣት ቢያንስ የአየር ቧንቧው ክፍት ነው። ግድግዳ ተደግፈው የተቀመጡት የስኳር ሕመምተኛ እናት ግን «ደከመኝ» ብቻ ይላሉ። የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች የልብ ደም ሥር ሲዘጋባቸው ደረታቸውን ላያማቸው ይችላል፤ ላብና ድካም ብቻ ሆኖ ይመጣል። መለኪያው ራሱ ባለ ልምድ ባለሙያ ደረጃውን ከፍ እንዲያደርግ የሚፈቅደው እንዲህ ላለው ሰው ነው። ወንበሩ ላይ ጀማሪን ብቻውን ስናስቀምጥ ይህን የመጨረሻ መከላከያ እናጣለን።

ዝውውር ፍትሐዊ ነው፣ አንድ ሰው እዚያው ቢቆይ ይሰላቻል የሚሉ አሉ። ድካሙ እውነት ነው፤ ስድብና ግፊያ መጀመሪያ የሚያርፈውም በሩ ላይ ባለችው ነርስ ላይ ነው። መፍትሔው ግን ነርሷን ከክፍሉ ማውጣት አይደለም፤ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በትሪያጅ፣ በቀይና በቢጫ ክፍሎች መካከል ማፈራረቅ፣ ጥበቃም መመደብ ነው። ጀማሪው ደግሞ ከአጠገቧ ተቀምጦ ይማር።

ልምድ ያለ ሥልጣን ጉልበት የለውም። ነርሷ «ቀይ» ብላ ስትወስን ካርድ እስኪወጣ ሳይጠበቅ ኦክስጅን መሰጠት፣ ስኳር መለካት፣ የደም ሥር መከፈት አለበት። ሐኪሙም ጥሪዋን ሰምቶ ይነሣ።

የባለሙያው መንገድ ተጀምሯል። በ2010 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና ተጀመረ፤ ለነርሶችም በድንገተኛና ጽኑ ሕክምና የማስተርስ ትምህርት አለ። በዚህ የሠለጠነችን ነርስ ወደ ሌላ ዋርድ መላክ ትምህርቷን ማባከን ነው። የአልጋና የማሽን እጥረት በአንድ ቀን አይፈታም። የተረኞችን ድልድል ለማስተካከል ግን የውጭ ምንዛሪ አያስፈልግም፤ የሜትረኗ ቢሮ ዛሬውኑ ሊጀምረው ይችላል።