በአንድ ቀን አንጨርሳትም

መንገዷ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ እኛ ደግሞ አራት ቀን መድበንላታል። የሰማ ሁሉ ይስቅብናል። «ብስክሌት ልትነዱ ነው ወይስ ልትገፉ?» ያለንም አለ። ይሳቅ እንጂ! እቅዱ አይለወጥም።

ሺማናሚ ካይዶ ትባላለች። ጃፓን ውስጥ ከኦኖሚቺ ከተማ ተነስታ፣ ስድስት ደሴቶችን በድልድይ እየዘለለች፣ ሺኮኩ ላይ ያለችው ኢማባሪ ትደርሳለች። ድልድዮቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ተገናኝተው ሲያልቁ ለብስክሌትና ለእግረኛም መተላለፊያ ተሠርቶላቸዋል። አስፋልቱ ዳር ሰማያዊ መስመር ስለተቀባ ካርታ ማንበብ የማይሆንልን እንኳ አንጠፋም። መርከብ በሥራቸው እንዲያልፍ ድልድዮቹ ከፍ ያሉ ናቸው፤ መወጣጫው ግን እየተጠማዘዘ ቀስ ብሎ ነው የሚያወጣው። ዳገቱ 3 በመቶ ገደማ ነው። እንጦጦን ለሚያውቅ እግር ይሄ ቀልድ ነው።

እንግዲህ ጎበዝ ነጂ ጠዋት ጀምሮ ማታ ይጨርሳታል። ጸባችንም ከዚህ ጋር ነው። ያ ሰው ምን አየ? ድልድይ። ምን ገዛ? አንድ ጠርሙስ ውሃ። ድልድዮቹ ሲመጡ ደሴቶቹን ያገናኙ የነበሩ ብዙ የጀልባ መስመሮች ተዘጉ። ወጣቱ ወደ ከተማ እየፈለሰ አዛውንቱ ቀሩ። መኪናው ከላይ ሽው ብሎ ያልፋል፤ ብስክሌተኛውም እንደዚያው ካለፈ ለደሴቲቱ ሰው ከመኪናው በምን ተሻለ? ያደረ እንግዳ ግን እራት ይበላል፣ አልጋ ይከራያል፣ ሎሚ ከምትሸጥ እናት ጋር በምልክትም ቢሆን ያወራል።

ስለዚህ እንዲህ አስበናል። በመጀመሪያው ቀን ከኦኖሚቺ በትንሽ ጀልባ ወደ ሙካይሺማ እንሻገራለን፤ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ኢንኖሺማን አልፈን ኢኩቺጂማ ላይ እናድራለን፤ የሎሚ ደሴት ናት። በማግስቱ የታታራን ድልድይ እንሻገራለን። በ1999 ሲከፈት በምሰሶዎቹ መካከል ያለው 890 ሜትር፣ በገመድ ከምሰሶ ከተወጠሩ ድልድዮች ሁሉ የዓለም ረጅሙ ነበር። ከዚያ ኦሚሺማ። እዚያ ያለው የኦያማዙሚ መቅደስ ሳሙራዮች ስለት ያስገቡት ጥሩርና ሰይፍ የሞላበት ነው። ከሰማያዊው መስመር ወጣ ስለሚል የቸኮለ ሰው አያየውም። እኛ እዚህ አንድ ሌሊት ሳይሆን ሁለት ብናድር ደስ ባለን፤ ገንዘቡ ከፈቀደ።

ሦስተኛው ቀን ለሃካታና ለኦሺማ ነው። የመጨረሻው ቀን የኩሩሺማ ድልድዮች ናቸው፤ ሦስት ተያይዘው 4 ኪሎ ሜትር ያህል። ከሥር ባሕሩ እንደ ወንዝ ይጋልባል ይባላል። ቆመን እናየዋለን፣ ማን ያባርረናል?

ብስክሌት ከዚያው እንከራያለን፤ ተራውን ብስክሌት ኦኖሚቺ ወስዶ ኢማባሪ ማስረከብ ይቻላል። አደራ፣ ጃፓን የሚነዳው በግራ ነው! በቀኝ ለለመድን ለእኛ መጀመሪያው ሰዓት ፈተና ነው። ሰኔና ሐምሌ ዝናብ ነው፣ ከዚያ በኋላ አውሎ ነፋሱ አለ፤ የመረጥነው ኤፕሪልን ነው።

አልጋውን ግን ቀድመን መያዝ አለብን። በትንንሾቹ ማረፊያዎች እራቱን የሚሠሩት ባለቤቶቹ ራሳቸው ናቸው፤ ስንት ሰው እንደሚመጣ ካላወቁ ዓሣውን በምን ልክ ይግዙ?