የእርሻ አኃዝ ሥዕል በጉባኤ ፊት ጥርት ብሎ እንዲታይ

አንድ ሹም የግዛቱን የእርሻ ሁኔታ በጉባኤ ፊት ሲያስረዳ ከብዙ ቃል ይልቅ አንድ መልካም ሥዕል ይረዳዋል። አኃዝን በመስመርና በዓምድ ሥሎ ማሳየት አዲስ ብልሃት አይደለም፤ ዊልያም ፕሌይፌር የተባለ የስኮትላንድ ሰው በ1786 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር የእንግሊዝን ንግድ በዚህ ዓይነት ሥዕል አሳትሞ ነበር። ዛሬም የጤፉንና የስንዴውን ምርት በኤክሴል የመዘገበ ጸሐፊ በጥቂት ደቂቃ ቻርት ያወጣለታል።

ነገር ግን ቻርቱ ወደ ፓወርፖይንት ስላይድ ሲዛወር ብዙ ጊዜ ይበላሻል። ጸሐፊው በችኮላ በስክሪንሹት ያነሣውን ትንሽ ሥዕል ስላይዱን እስኪሞላ ይለጥጠዋል፤ ያን ጊዜ ፊደሉ ይደበዝዛል፤ በሔክታር 18 ኩንታል የነበረው 13 ይመስላል። ከኋላ የተቀመጡት ሹማምንት አኃዙን ማንበብ ሲያቅታቸው የተናጋሪውን ቃል ብቻ ይዘው ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር ይቈርጣሉ። እንግዲህ ጉዳቱ የዓይን ብቻ አይደለም፤ ዘር የሚያሻው ወረዳ ሳይደርሰው ሊቀር ይችላል።

ሌላው ደግሞ ይህን ፈርቶ ቻርቱን እንዳለ ይለጥፋል። «ኢምቤድ ወርክቡክ» የሚለውን የመረጠ እንደ ሆነ ግን ከሥዕሉ ጋራ መዝገቡ በሙሉ ወደ ስላይዱ ይገባል። በመዝገቡ ውስጥ የገበሬው ስም፤ የመሬቱ ስፋትና ያለበት ዕዳ ተጽፎ ከሆነ፤ ስላይዱ የደረሰው ሰው ሁሉ ገልጦ ያየዋል። በአደራ የተሰጠ ነገር በጉባኤ የሚበተን አይደለም። «ሊንክ ዳታ» የሚለውን ቢመርጥም መዝገቡ ከስፍራው በተነሣ ጊዜ አኃዙ አይታደስም።

ስለዚህ የሚሻለው ቻርቱን ኮፒ አድርጎ በፓወርፖይንት «ፔስት ስፔሻል» ከሚለው ውስጥ «ፒክቸር፤ ኤንሃንስድ ሜታፋይል» የሚለውን መምረጥ ነው። ይህ ሥዕል በመስመር እንጂ በነጥብ የተሠራ ስላይደለ ቢያሰፉት አይደበዝዝም። ፒኤንጂ የሚባለውም ቻርቱ አስቀድሞ በኤክሴል ላይ በሚፈለገው መጠን ከሰፋ በኋላ ቢገለበጥ መልካም ነው። ጄፔግ ግን ለፎቶግራፍ የሚስማማ ነው፤ በፊደል ዙሪያ ጉድፍ ይተዋል። ሥዕሉን የሚያሰፋ ሰው ማዕዘኑን ይሳብ እንጂ ጎኑን አይሳብ፤ ጎኑን ቢስብ ሥዕሉ መልኩን ያጣል። ደግሞም ፓወርፖይንት ፋይሉን ሲያስቀምጥ ሥዕሉን እንዳያሳንስ፤ በ«ኦፕሽንስ» ሥር «አድቫንስድ» በሚለው ክፍል ሥዕል እንዳይጨመቅ የሚያዘውን ምልክት ማድረግ ይገባል።

ሥዕል ሆኖ የተለጠፈ ቻርት መዝገቡ ሲታረም አብሮ አይታረምም የሚል ሰው አይታጣም፤ እውነቱን ነው። ይሁን እንጂ ከሥዕሉ በታች መዝገቡ የተጻፈበትን ቀን፤ መለኪያውንና መዝገቡ የሚገኝበትን ቢሮ መጻፍ ለዚህ መድኃኒቱ ነው፤ የሚጠራጠር ሰው ወደ መዝገቡ ሄዶ ይመረምራል።

የቀረበላቸውን ሥዕል ማንበብ ያልቻሉ ሹማምንትም አፍረው ዝም ከሚሉ ይልቅ ተጣርቶ እንዲመጣላቸው ቢያዙ፤ ክብራቸው አይጐድልም፤ የገበሬውም ጉዳይ በግምት አይቈረጥም።