ፍጥነትን ዕውቀት አድርጋችሁ አትለኩ
ለመቱ፣ ለጎሬ፣ ለሁሩሙ፣ ለያዮና ለበደሌ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መምህራንና ርዕሳነ መምህራን



ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አንድ አሠራር እንድትተዉ ለመጠየቅ ነው። ተማሪ የሚያውቀውን ሁሉ፣ ሳይንስም ይሁን ሂሳብ፣ የምትለኩት ፈጥኖ ባነበበውና ፈጥኖ በጻፈው ብቻ ነው። በዚህ መለኪያ ሁልጊዜ የሚወድቅ ልጅ አለ። በቃል ሲጠይቁት አሳምሮ ይመልሳል፤ ወረቀት ሲሰጡት ግን ግማሹን ሳይነካው ደወል ይደወላል። መምህሩ «ሰነፍ ነው» ይላል፤ ቤተሰቡ «ልቡ ጨዋታ ላይ ነው» ይላል። የእህቴ ልጅ ከእነዚህ አንዱ ነው። ቡና ሲመዘን የኪሎውን ሂሳብ ከነጋዴው ቀድሞ በቃሉ ያወጣል። ያው ስሌት በጽሑፍ ሲመጣበት ዜሮ ይዞ ይመለሳል።

የዚህ ልጅ ችግር ዲስሌክሲያ ይባላል፤ ከታወቀም ቆይቷል። ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1896፣ የአድዋ ጦርነት በተካሄደበት ዓመት ነው። ልጁ ብልህ ነበር፤ ንባብ ግን እንቢ አለው። መምህሩም ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሰጥ ከትምህርት ቤቱ የሚስተካከለው እንደማይኖር መስክሯል። በእናንተም ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ አለ። ዲስሌክሲያ ከመቶ ሰው ከ5 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ እንደሚታይ ይገመታል፤ 60 ተማሪ በተቀመጠበት ክፍል ከ3 እስከ 6 ልጆች ማለት ነው። ችግሩ የንግግርን ድምፅ ለይቶ ከፊደል ጋር ማዛመድ ላይ ስለሆነ መነጽር አይፈታውም። ዱላማ ጭራሽ ያባብሰዋል።

በእኛ አካባቢ ችግሩ የሚደበቅበት ምክንያት አለ። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ የትምህርት ቤት ጽሕፈት የሆነው ቁቤ፣ የአፋን ኦሮሞ ፊደል፣ ቀጥተኛ ነው፤ ፊደሉና ድምፁ አይጣሉም። እንዲህ ባለ ጽሕፈት ዲስሌክሲያ ያለበት ልጅ ብዙ ጊዜ በትክክል ያነባል፤ የሚያነበው ግን በዝግታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ዲስሌክሲያ ያለባቸውን ጣሊያናውያን ዲስሌክሲያ ካለባቸው እንግሊዞችና ፈረንሳዮች ጋር አነጻጽሮ ነበር። የጣሊያንኛ አጻጻፍ ቀጥተኛ በመሆኑ ጣሊያናውያኑ የተሻለ አነበቡ፤ አእምሯቸው ላይ የታየው ልዩነት ግን በሦስቱም አገሮች አንድ ዓይነት ነበር። የመቱ ልጅም በቁቤ ሲያነብ የሚታይበት መዘግየቱ ብቻ ነው፤ መዘግየት ደግሞ በእናንተ ዘንድ ስንፍና ይባላል። እንግሊዝኛ ሲመጣ ነገሩ ይባባሳል። በቁቤ «ጥ» ብሎ ያነበበው ኤክስ፣ «ጭ» ብሎ ያነበበው ሲ፣ በዚያው መልካቸው ሌላ ድምፅ ይዘው ይመጣሉ። በዚህ ላይ አማርኛ እያንዳንዱን ፊደል በሰባት ቅርጽ ይጨምርበታል።

ልጁ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ተራው ሲደርስ የሚያነበውን አንቀጽ ጓደኛውን አስነብቦ በቃሉ ይይዛል። የጥቁር ሰሌዳውን ጽሑፍ ከጎረቤቱ ደብተር ይገለብጣል። የንባብ ክፍለ ጊዜ ሲሆን ሆዴን አመመኝ ይላል። እናንተ ይህን ማታለል ትሉታላችሁ። እኔ ግን ማንም ሳያግዘው የፈጠረው መቋቋሚያ ነው እላለሁ። ያንን ያህል ብልሃት ለመደበቅ ከሚያውለው ለመማር እንዲያውለው ማድረግ የትምህርት ቤቱ ሥራ ነው።

ሥራው ቀላል ነው። ጥያቄውን አንብቡለት፤ መልሱን በቃል ተቀበሉት። ፈተናው ላይ ጊዜ ጨምሩለት፤ በእንግሊዝ አገር የተለመደው ጭማሪ 25 በመቶ ነው። የሳይንስ መልሱ ትክክል ከሆነ ለፊደል ግድፈት ነጥብ አትቀንሱበት። ሳይዘጋጅ ተነሥቶ ጮክ ብሎ እንዲያነብ አታድርጉት፤ የሚያነበውን አንቀጽ በዋዜማው ንገሩት። ክፍለ ጊዜውን ከሰሌዳ በመገልበጥ ከሚጨርሰው ማስታወሻውን ስጡትና እናንተን ያዳምጥ። ከሚያነበው መስመር ሥር ካርቶን ይያዝ፤ ጽሑፉም ፊደሉ ተለቅ፣ ክፍተቱ ሰፋ ይበል።

ይህ ሁሉ ችግሩን ማለፊያ መንገድ እንጂ ንባብን ማስተማር አይደለም፤ በዚህ ብቻ ካቆማችሁ ልጁን ትታችሁታል። ከድምፁ ጀምሮ፣ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት፣ እየደጋገመ መማር አለበት። በግቢያችሁ ቀይ አፈር ላይ ፊደሉን በጣቱ እየጻፈ ድምፁን ያሰማ። ቤት ውስጥ ደግሞ ታላቅ እህቱ ስታነብ እሱ በጣቱ እየተከተለ ያድምጥ። ያልገባው ትምህርት በስልክ ተቀድቶ ይደገምለት።

የምትሰጡኝን መልስ አውቃለሁ። «60 ተማሪ ይዘን ለአንድ ልጅ እንዴት?» ትላላችሁ። ጉዳዩ ግን የአንድ ልጅ ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶዎቹ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ሁሉ ዲስሌክሲያ አለባቸው ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ በደንብ ያልተማሩ ናቸው። ከድምፅ ጀምሮ ማስተማሩ ግን ሁለቱንም ይረዳል። ከዚያ በኋላም የሚቀረው ልጅ ማን እንደሆነ በግልጽ ይታያችኋል። ባለሙያ የለንም ካላችሁ መቱ ላይ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅም ዩኒቨርሲቲም አለ፤ ርዕሳነ መምህራን ሆይ፣ ሥልጠናውን ጠይቁ።

«ለሌሎቹ አድልዎ ይሆናል» የሚለውም አያስኬድም። ማየት ለተሳነው ተፈታኝ አንባቢ ሲመደብለት አድልዎ ያለ የለም። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ስታጸድቅ እያንዳንዱ ተማሪ እንደ ፍላጎቱ እንዲታገዝ ቃል ገብታለች። ዕውቀትን በቃል መመዘንም ለእኛ ባዕድ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ችሎታውን የሚያስመሰክረው መምህሩ ፊት ቅኔውን በቃሉ ሲያቀርብ ነው፤ ቁርዓን የሚቀራ ልጅ የሚመሰገነው በቃሉ ሲወጣው ነው፤ የገዳ ሕግም በጉባኤ ላይ የሚታወጀው በቃል ነው።

ክልላዊ ፈተናን እናንተ አትለውጡትም። የክፍል ፈተና ግን በእጃችሁ ነው። ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና ከየክፍላችሁ ዝቅተኛ ውጤት ያመጡትን ሦስት ልጆች ለብቻ ጥሩ። ያንኑ የሳይንስ ጥያቄ አንብቡላቸው፤ መልሳቸውን በቃል ተቀበሉ፤ ከዚያ ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን አስቀምጡ። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ደብዳቤዬን ጣሉት። ሰፊ ሆኖ ካገኛችሁት ግን ካርዱ ላይ የምትሞሉት የትኛውን ነጥብ እንደሆነ ለወላጆቻቸው ንገሯቸው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የተማሪ ዘመድ፣ ከመቱ