በእግር መሄድ የድኽነት ምልክት አይደለም

በከተማችን በእግሩ የሚሄድ ሰው ሁለት ዓይነት ነው እየተባለ ይታሰባል። አንደኛው ገንዘብ የሌለው ነው፤ ሁለተኛው ሐኪም ያዘዘው ነው። ሦስተኛው ዓይነት፣ ማለት ኪሱም ጤናውም ሳይጎድል በገዛ ፈቃዱ የሚሄደው፣ የተገኘ እንደ ሆነ ወዳጆቹ መኪናቸውን አቁመው «ምነው? ምን ሆንህ? ግባ እንጂ!» ይሉታል። አልገባም ቢል ይቀየማሉ። ተማሪውም ከዚህ ልማድ ነጻ አይደለም። ከስድስት ኪሎ እስከ አራት ኪሎ ያለው መንገድ ከአንድ ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ያውም ቁልቁለት ነው። ይህንን መንገድ ለመሄድ ሃያ ደቂቃ ሙሉ በታክሲ ወረፋ የሚቆም ወጣት በየቀኑ እናያለን። በቆመበት ጊዜ ቢራመድ ኖሮ ወረፋው ሳይደርሰው እሱ አራት ኪሎ በደረሰ ነበር። ገንዘቡም በኪሱ ይቀር ነበር።

ነገሩ ይበልጥ የሚያስገርመው ከመካከላችን ብዙዎቹ የመጡበትን ስናስብ ነው። ከገጠር የመጣው ተማሪ አንደኛ ደረጃ ትምህርቱን የጨረሰው በእግሩ ነው። ጧት አንድ ሰዓት ወይም ሁለት ሰዓት ሄዶ፣ ማታ ያንኑ ያህል ተመልሶ፣ ክረምት ሲሆን ወንዙ እስኪጎድል ጠብቆ ነው ፊደል የቆጠረው። ዩኒቬርሲቲ በገባ በሁለተኛው ዓመት ግን ከመኝታ ቤት ወደ ምግብ ቤት፣ ከምግብ ቤት ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ ቤተ መጻሕፍት ካልሆነ በቀር እግሩን የሚያንቀሳቅስበት ምክንያት የለውም። ከዚያም ክረምት ሲመጣ አገሩ ይገባል። እናቱ ደጃፍ ላይ ተቀብላ አገላብጣ ትስመውና «እሰይ፣ ወፈርህልኝ! ተመችቶሃል» ትላለች። ጎረቤቱም ያንኑ ይደግማል። ከስቶ የተመለሰው ደግሞ «ምነው ልጄ፣ አመመህ እንዴ?» ተብሎ ገንፎ ይገነፋለታል። በእኛ አገር መክሳት የኅዘን ወሬ ነው፤ ቦርጭ ደግሞ የሹመት ያህል ይከበራል።

ይህ አመለካከት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ረኃብን የሚያውቅ ሕዝብ ሥጋ የለበሰ ገላ ሲያይ ደስ ቢለው ማንም ሊስቅበት አይገባም። ዳሩ ግን ዘመኑ ሌላ በሽታ ይዞ መጥቷል። የደም ግፊትና የስኳር በሽታ የባለጸጋ ደዌ ናቸው መባሉ ቀርቷል፤ ዛሬ መምህሩንም፣ ሾፌሩንም፣ የመንግሥት ጸሐፊውንም ይይዛሉ። ከምክንያቶቻቸውም አንዱ ተቀምጦ መዋል ነው። የእኛ ትምህርት ደግሞ ከሌላው ሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን መቀመጥን ነው። ዛሬ በወንበር ላይ ሆነን እንማራለን፤ ነገ ተመርቀን በሌላ ወንበር ላይ እንቀመጣለን።

ስለ መቀመጥና ስለ መንቀሳቀስ ከተደረጉት ጥናቶች ሁሉ እኛን ደስ የሚያሰኘን የለንደኑ ነው። ጄሬሚ ሞሪስ የተባለው ሐኪምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተሙት ጥናት የለንደንን አውቶቡስ ሠራተኞች መረመሩ። አውቶቡሶቹ ባለ ሁለት ፎቅ ነበሩ። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይነዳል፤ ትኬት ቆራጩ ግን ሒሳብ ለመሰብሰብ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ሁለቱ የሚኖሩት በአንድ ከተማ፣ የሚሠሩት በአንድ መኪና ላይ ነው። ነገር ግን የልብ በሽታ ሾፌሮቹን ይበልጥ ሲያጠቃ ትኬት ቆራጮቹን በመጠኑ አሳለፋቸው። በፖስታ ቤት ሠራተኞችም ላይ ተመሳሳይ ነገር ታየ፤ ደብዳቤ የሚያድሉት ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጡት የተሻለ ልብ ነበራቸው።

ተጠራጣሪ አንባቢ «ምናልባት መጀመሪያውኑ ሾፌር ለመሆን የሚመርጠው ወፍራሙ ሰው ቢሆንስ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው የተገባ ነው፤ ሞሪስም ራሱ ጠይቆታል። እ.ኤ.አ. በ1956 የሠራተኞቹን የደንብ ልብስ ልክ ከመዝገብ አውጥቶ ሲያስተያይ የሾፌሮቹ ሱሪ በወገብ በኩል ከትኬት ቆራጮቹ የሰፋ ሆኖ አገኘው። እንዲህ ያለው ጥናት ብቻውን ሁሉን ነገር አይፈታም ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ግን በብዙ አገር በብዙ መንገድ የተደረገው ምርምር ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ማመልከቱን ቀጥሏል። (የእኛ ታክሲ ረዳት በር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ወርዶ እየሮጠ፣ እየጮኸ የሚውለው ልቡ እንዴት እንደ ሆነ ቢመረመር ለሕክምና ተማሪዎች መልካም የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣው ነበር። የሚተነፍሰው ጭስ ግን ሒሳቡን ያበላሽባቸው ይሆናል።)

አሁን ብዙ ሰው ወደሚጠይቀው ነገር እንምጣ። መራመድ ያከሳልን? እዚህ ላይ ተስፋ ከምንሸጥ እውነቱን ብንናገር ይሻላል። ሰባ ኪሎ የሚመዝን ሰው በደኅና እርምጃ አንድ ኪሎ ሜትር ሲሄድ 50 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያወጣል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 16 ያህል ኪሎ ካሎሪ አለው። ሦስት ማንኪያ ስኳር የተጨመረበት አንድ ብርጭቆ ሻይ እንግዲህ አንድ ኪሎ ሜትር መንገድ ነው ማለት ነው። በክበባችን በቀን አራት ሻይ የሚጠጣ ተማሪ ስኳሩን ብቻ ለማካካስ ከስድስት ኪሎ አራት ኪሎ ደርሶ፣ ተመልሶ፣ እንደ ገና ሊወርድ ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ደግሞ 7,700 ያህል ኪሎ ካሎሪ ይዟል፤ ይህም ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ የሚያስኬድ ስንቅ ነው። በየቀኑ አምስት ኪሎ ሜትር ቢራመዱ አንድ ወር ይፈጃል። ያውም ሰው ተቀምጦ ቢውል እንኳ ከዚያ ከፊሉን ማቃጠሉ ስለማይቀር ትክክለኛው ጊዜ ከወርም ይበልጣል።

ስለዚህ በሁለት ሳምንት ሸንቃጣ ለመሆን አስቦ የሚነሣ ሰው በሦስተኛው ሳምንት ይተወዋል። መንገዱን ከጨረሰ በኋላ «ደክሜአለሁ፤ ይገባኛል» ብሎ ሁለት ዳቦ የሚጨምረውም አይከሳም። ስኳሩን ቀንሶ፣ እርምጃውን ጨምሮ፣ በወራት የሚያስበው ግን ቀስ በቀስ ይቀልለዋል፤ ከቀለለም በኋላ ተመልሶ እንዳይወፍር መራመዱ ይረዳዋል። በየሱቁ የሚሸጠውን አከሳለሁ ባይ ሻይና ክኒን በተመለከተ፣ ገንዘቡን ለመጽሐፍ ያድርገው ከማለት በቀር የምንጨምረው የለም። በዐቢይ ጾም እከሳለሁ ብሎ የሚጠብቅም አለ። ጾም የተሠራው ለነፍስ ነው፤ ለወገብ ልክ የሚጾም ሰው በፋሲካ ማግስት የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን።

ታዲያ የማያከሳ ከሆነ ለምን እንደክማለን የሚል ቢኖር፣ የመራመድ ዋናው ጥቅም ሚዛን ላይ የሚነበበው አይደለም እንለዋለን። ከምግብ በኋላ ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት ደቂቃ የተራመደ ሰው የእግሩ ጡንቻ ከደሙ ውስጥ ስኳሩን እየወሰደ ስለሚጠቀምበት የደሙ ስኳር እንደ ተቀማጩ ሰው ከፍ አይልም። ደም ግፊትም አንድ ኪሎ ሳይቀነስ እንኳ በመጠኑ ይወርዳል። እንቅልፍ ይሻላል። ይህ የመጨረሻው ለፈተና ሰሞን ተማሪ ትልቅ ነገር ነው። ጫት ይዞ ሌሊቱን ሙሉ ከአንድ ገጽ ጋር ተፋጥጦ የሚያድር፣ ከዚያም ምርቃናው ሲያልቅ እንቅልፍ አጥቶ የሚገላበጥ ጓደኛ የሌለው ማን ነው? ጭንቀትና ትካዜ በመራመድ እንደሚቀልሉም ሐኪሞች የሚስማሙበት ሆኗል። በበኩላችን የከበደ የሒሳብ ጥያቄ ከወንበሩ ይልቅ መንገድ ላይ ሲፈታ ብዙ ጊዜ አይተናል።

ስንት ይበቃል ለሚለውም መልስ አለ። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ያዛል። ቀድሞ በ2010 የወጣው እያንዳንዱ ጊዜ ከዐሥር ደቂቃ እንዳያንስ ይል ነበር፤ አዲሱ ይህን ገደብ አንሥቶታል። እንግዲህ ከክፍል እስከ ምግብ ቤት ፈጠን ብሎ መሄድም ይቆጠራል። በስልክ «ዐሥር ሺሕ እርምጃ» እያሉ የሚቆጥሩ ጓደኞቻችን ደግሞ ቁጥሩ ከየት እንደ መጣ ቢያውቁ መልካም ነው። አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈበት የቶኪዮ ኦሊምፒክ እ.ኤ.አ. በ1964 ከተፈጸመ በኋላ፣ በሚቀጥለው ዓመት አንድ የጃፓን ኩባንያ እርምጃ የሚቆጥር መሣሪያ ለገበያ አወጣ፤ ስሙንም «ማንፖ ኬ»፣ ማለት የዐሥር ሺሕ እርምጃ መለኪያ አለው። ቁጥሩ የነጋዴ ነበር እንጂ የሐኪም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ጥናት ወደ 17,000 የሚጠጉ የአሜሪካ አሮጊቶች ተመርምረው፣ በቀን 4,400 ያህል እርምጃ የሚሄዱት 2,700 ከሚሄዱት ይልቅ ሞታቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከ7,500 ገደማ በኋላ ግን የተጨመረ ጥቅም አልታየም። ዐሥር ሺሕ አልሞላሁም ብሎ ተስፋ የሚቆርጥ ካለ ይጽናና።

ይህንን ሁሉ ስንጽፍ ሁሉም ሰው ይራመድ ማለታችን አይደለም። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው በሽሮ ሜዳ በኩል የሚወርዱትን እናቶች ያየ ሰው፣ «በእግር መሄድ ለጤና ይበጃል» የሚለውን ቃል ጮኾ ለመናገር ያፍራል። እነርሱ የሚሹት መንገድ አይደለም፤ ሸክሙን የሚያወርድላቸው ኑሮ ነው። በእኛም መካከል ከመክሳት ይልቅ ጥቂት መወፈር የሚያስፈልገው፣ ሁለተኛውን እንጀራ የሚመኝ ተማሪ አለ። እርሱን ስለ ውፍረት ብንመክረው ግፍ ነው።

አሁን ወደሚያስቆጣን ነገር ደረስን። እኅቶቻችን ለምን አይራመዱም? ስንፍና ነው የሚል ወንድ ቢኖር አንድ ማታ ከአንዲት የክፍል ጓደኛው ዐሥር እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቶ ይከተላትና ይስማ። በየማዕዘኑ የቆመው ሥራ ፈት ሁሉ ስለ መልኳ፣ ስለ ልብሷ፣ ስለ አካሄዷ የሚጥለው ቃል አለው። መልስ ባትሰጥ ኩራተኛ ትባላለች፤ ብትሰጥ ይባስ ይሰደባል። እጇን የሚይዝም አለ። ይህን ለከፋ የሚያደርገው መንገድ ላይ የዋለ ጎረምሳ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር፤ ደብተር የያዘም በመካከሉ ይታያል። ያችን ልጅ ለሁለት መቶ ሜትር መንገድ ታክሲ የሚያስይዛት ስንፍናዋ ሳይሆን የእኛው የወንዶች ምላስ ነው። ስለ ጤና ንግግር ከማድረግ አስቀድሞ ይህ ምላስ ይታሰር።

የእግረኛው መንገድ ራሱም አለ። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት በአንዳንድ ትልልቅ ጎዳናዎች ሰፊ የእግረኛ መሄጃ ተሠርቷል፤ ጥሩ ነው። ከዚያ ወጣ ብሎ ወደ ውስጥ መንደር ለገባ ግን ክዳን የሌለው ጉድጓድ፣ የተከመረ አሸዋና የቆመ መኪና ይጠብቁታል። «መንገድ ለሰው» በሚል ስም በ2011 ዓ.ም. አንዳንድ ጎዳናዎችን በእሑድ ከመኪና ነጻ ማድረግ በተጀመረ ጊዜ ልጆች አስፋልት ላይ ኳስ ሲጫወቱ አይተን ነበር። መንገዱ የሰው ሲሆን ሰው እንደሚወጣበት ለማወቅ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ለማኅበራችን የምናቀርበው ሐሳብ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዐርብ፣ ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሴቶችም ወንዶችም በአንድነት ተነሥተን ወደ ሽሮ ሜዳ አቅጣጫ ወጥተን እንመለስ። ሰዓቱን የመረጥነው የመኪናው ጭስ ገና ሳይበረታ፣ ጅቡና የሰፈሩ ውሻም ከመንገድ ሳይጠፉ ለብቻ የሚያስፈራ ነገር በብዛት ሲወጡበት ቀላል ስለሚሆን ነው። አንድም ሰው ወደ ኋላ እንዳይቀር የሚጠብቁ ሁለት ተማሪዎች ከኋላ ይሁኑ። በማታም ከቤተ መጻሕፍት ወደ መኝታ ቤት የሚመለሱ እኅቶች በቡድን እንዲሄዱ ሰዓት ይወሰን፤ ሰዓቱን የሚወስኑት ግን እነርሱ ራሳቸው ይሁኑ እንጂ ኮሚቴው አይሁን። ወደ እንጦጦ መውጣት ለሚወዱ ቅዳሜ ይቀመጥላቸው፤ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር የሚያልፍ ቦታ ስለ ሆነ ከቆላ የመጣ አዲስ ተማሪ ትንፋሹ ቢያጥረው ማንም እንዳያሾፍበት።

ስም መመዝገቢያው በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ይለጠፋል። የስፖርት ልብስ አያስፈልግም፤ ሸራ ጫማ ይበቃል፤ ለጧቱ ብርድ ጋቢ ቢደረብም የሚከለክል የለም። ሻይ ከጉዞው በኋላ ይጠጣል፤ በአንድ ማንኪያ ስኳር።