አንድ ባትሪ፣ ሦስት ፊልም

ቤታችሁ ውስጥ ካርቱን የሚያይ ልጅ ካለ «ፒክሳር ይሻላል፣ ድሪምወርክስ ይሻላል» የሚለው ክርክር ጆሯችሁ ሳይደርስ አይቀርም። እኛ ቤት ክርክሩ ቁርስ ላይ ይጀመርና መኪና ውስጥ ይቀጥላል፤ ማታ እንቅልፍ ካልገላገለን አያበቃም። የሰባት ዓመቷ ልጄ የፒክሳር ናት። ክረምት ክረምት ከአዲስ አበባ እኛ ጋ ባሕር ዳር የሚመጣው የአሥራ አንድ ዓመቱ የእህቴ ልጅ ደግሞ የድሪምወርክስ። የእናንተዎቹ ምናልባት ዝም ብለው የሚያዩ ይሆናሉ፤ የእኛዎቹ ግን እንደ ቡናና እንደ ጊዮርጊስ ደጋፊ ናቸው። እሷ «ኒሞ» ስትል እሱ «ሽሬክ» ይላል። «ዎል-ኢ» ያለች ቀንማ ጉድ ይፈላል። ያ ፊልም በ2009 እ.ኤ.አ. የኦስካር መድረክ ላይ «ኩንግ ፉ ፓንዳ»ን አሸንፏል፤ የእህቴ ልጅ ያኔ ገና አልተወለደም፣ ቂሙን ግን ይዟል።

ባለፈው ክረምት፣ በሐምሌ መጨረሻ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን ደጋግመን ጠይቀን ሁለቱንም ይዤ አዲስ ዘመን እናቴ ዘንድ ሄድኩ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሐሙሲትን አልፋችሁ ወረታ ስትደርሱ የፎገራ ሜዳ ይከፈታል፤ በዚያ ወቅት ሩዙ ውኃ ውስጥ ቆሞ ሰማዩ ከታችም ከላይም ያለ ይመስላል። ከዚያ አዲስ ዘመን። ከከተማዋ በላይ ደግሞ በደኑ ተከብቦ ጣራ ገዳም። ከእናቴ በረንዳ ላይ ሆናችሁ ቀና ስትሉ ኮረብታው ይታያል፤ ጉም ካልሸፈነው።

በደረስንበት ማታ መብራት አልነበረም። ላፕቶፔ የቀረው ቻርጅ ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢበቃ ነው። ፍላሹ ላይ ሦስት ፊልሞች አሉ፦ የፒክሳር «ኢንሳይድ አውት 2»፣ የድሪምወርክስ «ዘ ዋይልድ ሮቦት» እና «ፍሎው» የሚባል የላትቪያ ፊልም። ሦስቱም በ2017 ዓ.ም. የካቲት ለተሰጠ አንድ ኦስካር የታጩ ናቸው። ሥነ ሥርዓቱ እዚያ በምሽት፣ እኛ ጋ የዓድዋ በዓል ያለፈ ዕለት ሌሊት ነበር። ያሸነፈው «ፍሎው» ነው። ልጆቹ በሕይወታቸው የተስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር ይህን ፊልም መጥላት ነው። ሁለቱም አላዩትም።

እዚህ ላይ የሥራዬ ጠባይ ያናግረኝና ትንሽ ልዘግይ። የልጆቹን ጠብ መጀመሪያ የጀመሩት ልጆች አይደሉም። ጄፍሪ ካትዘንበርግ የሚባሉ ሰው በ1994 እ.ኤ.አ. ከዲዝኒ ተጣልተው ወጡና በዚያው ዓመት ከስቲቨን ስፒልበርግና ከዴቪድ ጌፈን ጋር ድሪምወርክስን መሠረቱ። ፒክሳር በ1995 «ቶይ ስቶሪ»ን፣ ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የተሠራውን የመጀመሪያ ረጅም ፊልም፣ በዲዝኒ በኩል ለዓለም አሳየ። በ1998 ሁለቱ ስቱዲዮዎች በወራት ልዩነት፣ አንዱ «አንትዝ» ሌላው «ኤ በግስ ላይፍ» ብለው፣ ሁለቱም ስለ ጉንዳን ፊልም አወጡ። ማን ከማን ሰረቀ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አለ። «ሽሬክ» በ2001 መጥቶ የተረት ልዕልቶችንና ልዑላንን ሲያላግጥባቸው፣ የዲዝኒን ቤት እያላገጠ እንደሆነ ያልገባው አዋቂ አልነበረም፤ ለረጅም አኒሜሽን የተሰጠውንም የመጀመሪያ ኦስካር ወሰደ። ከዚያ ዲዝኒ በ2006 ፒክሳርን በ7.4 ቢሊዮን ዶላር ጠቀለለው። ድሪምወርክስ አኒሜሽንን ደግሞ በ2016 ኮምካስት በ3.8 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። እንግዲህ ልጄና የእህቴ ልጅ ቁርስ ላይ የሚጣሉት ለሁለት ግዙፍ ኩባንያዎች ነው ማለት ነው። በነጻ! እኔ ለአንድ ምርት እንዲህ ያለ ደጋፊ ለማግኘት ስንት በጀት አጽድቄያለሁ መሰላችሁ።

ወደ አዲስ ዘመን ልመለስ። የኔ ፊልም ይቅደም፣ የኔ ይቅደም ሲባል ላፕቶፑ ሁለት በመቶ በላ። ዳኝነቱን የሰጠው ሰዓት ነው። «ዘ ዋይልድ ሮቦት» አንድ ሰዓት ከአርባ ሁለት ደቂቃ፣ «ኢንሳይድ አውት 2» አንድ ሰዓት ከሠላሳ ስድስት፣ «ፍሎው» አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት። ባትሪው የሚችለው አንዱን ብቻ ነው። ሁለቱም አኮረፉ፤ ከፈትኩት።

እናቴ ከዚያ በፊት የልጆች ፊልም ሲከፈት ምን ታደርግ እንደነበር ልንገራችሁ። ለአምስት ደቂቃ አብራን ትቀመጣለች። «ምን አለ?» ትለኛለች፤ እተረጉማለሁ። «አሁንስ?» እተረጉማለሁ። ልጄ «ሽሽሽ» ትላለች። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ማድ ቤት ትሄዳለች። «የቤተሰብ ፊልም» የሚባለው እኛ ቤት ሁልጊዜ አንድ የቤተሰብ አባል እያስወጣ ነው የሚጀምረው።

ይህ በፊልም ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት። ልጄ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ትምህርት ቤቷ እንዲህ እንድትናገርልን ከፍለን አስገብተናታል፤ ሲሳካላት ደግሞ መልሰን የምንደነግጠው እኛው ነን። እናቴ የልጅ ልጇን ትጠይቃታለች፣ ልጅቷ ትመልሳለች፣ እናቴ ፊቷን ወደ እኔ ታዞራለች፦ «ምን አለችኝ?» በእናቴና በልጄ መካከል አስተርጓሚ መሆኔን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተዋልኩ ቀን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እናንተም ቤት ይህ ካለ ስለምን እንደማወራ ታውቃላችሁ።

«ፍሎው» ውስጥ ንግግር የለም። አንዲትም ቃል። አንድ ድመት ጫካ ውስጥ ይኖራል፤ ውኃ ይመጣል፤ ውኃው እየጨመረ ቤቱን፣ ዛፉን፣ ኮረብታውን ይውጣል። ድመቱ አንድ ጀልባ ላይ ይወጣና ከውሻ፣ ከጦጣ ዘመድ፣ ካፒባራ ከሚባል ሰነፍ እንስሳና እባብ ከሚያድን እግረ ረጅም ወፍ ጋር ይጓዛል። (ወፉ ሴክሬታሪ በርድ የሚባለው ነው፤ በእኛም አገር አለ።) እንስሳቱ እንደ ሰው አያወሩም፣ አይዘፍኑም። ድምፃቸው የእውነተኛ እንስሳት ድምፅ ነው፤ የካፒባራው ግን ከግመል ግልገል የተወሰደ ነው አሉ። ዳይሬክተሩ ጊንትስ ዚልባሎዲስ ሽልማቱን ሲወስድ ገና 30 ዓመቱ ነበር። ፊልሙ ብሌንደር በሚባል ማንም ሰው በነጻ በሚያወርደው ሶፍትዌር፣ 3.5 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ በሆነ ወጪ ነው የተሠራው። «ኢንሳይድ አውት 2» የወጣበት 200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል።

እናቴ እንደተለመደው አምስት ደቂቃ ልትቀመጥ መጣች። «ምን አለ?» ልትለኝ ዞር አለችና ምንም እንዳላለ ገባት። ተመልሳ አየች። ውኃው የመጀመሪያውን ቤት ሲደርስበት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ድመቱ ከፍ ወዳለ ቦታ፣ ከዚያም ወደባሰ ከፍታ ሲወጣ ደግሞ ወደ መስኮቱ፣ ወደ ጨለማው፣ አገጯን ቀና አድርጋ «ጣራ ገዳም ቢወጣ ኖሮ ምንም አይሆንም ነበር» አለች። ልጆቹ ሳቁ። ማንም «ሽሽሽ» አላለም።

ስክሪኑ ላይ የሠሪዎቹ ስም መውረድ እንደጀመረ ላፕቶፑ ጠፋ። ጨለማ ሆነ። ሻማ ልፈልግ ስነሳ እናቴ ወሬ ጀመረች።

በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ ውስጥ ርብና ጉማራ ሞልተው፣ ጣናም ገፍቶ፣ የፎገራንና የሊቦ ከምከምን ሜዳ ውኃ እንደዋጠው የዚያ አካባቢ ሰው ሁሉ ያስታውሳል። እኔ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። የማስታውሰው እናቴ ለሦስት ቀን ከቤት እንደጠፋችና ከዚያ በኋላ የአጎቴ ልጆች ለሳምንታት አልጋዬ ላይ እንደተኙ ነው፤ አልጋዬን በመቀማቴ ማኩረፌንም። ዝርዝሩን ጠይቄ አላውቅም። አሁን ለልጆቹ ስትነግር ሰማሁት። ዋገጠራ፣ የወንድሟን ሚስት አራስ ልትጠይቅ ወርዳ ነበር። ውኃው የመጣው ሌሊት ነው። መጀመሪያ ዶሮዎቹ ጮኹ። አራሷንና ሕፃኑን ቆጥ ላይ አወጧቸው፤ እሷና ወንድሟ ወገባቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ቆመው አነጉ። ሲነጋ ታንኳ መጣ። ታንኳው ሰው እንጂ ከብት አይጭንም። ወንድሟ ጥጃዋን በገመድ አስሮ ከኋላ እንድትዋኝ አደረጋት። ላሟ አንገቷ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆማ አልነቃነቅም አለች።

«ዜን?» አለች ልጄ በጨለማው። ከዚያ ራሷን አረመች፦ «ከዚያስ? ጥጃዋስ?»

እናቴ ወደ እኔ አልዞረችም። «ጥጃዋ እምቧ አለቻ! ላሟም ተከተለች። የፎገራ ላም ውኃ አትፈራም፣ የኔ እናት። እስከ ደረቁ ድረስ ዋኝታ መጣች።» የእህቴ ልጅ ሕፃኑ ስሙ ማን እንደሆነ፣ ታንኳው ከምን እንደሚሠራ፣ ውኃ ውስጥ እባብ እንደነበረ ጠየቀ። እባብ ነበረ። ሻማው አልቆ ሌላ ሻማ በራ።

በማግስቱ መብራት መጣና የቀሩትን ሁለቱን አየን፤ ፍትሕ መስፈን ነበረበት። «ዘ ዋይልድ ሮቦት» ሳይታሰብ እናቴን ያዛት። አንዲት ሮቦት ሳታውቅ የዝይ ጎጆ ትጨፈልቃለች፤ ከተረፈው አንድ እንቁላል የወጣውን ጫጩት መዋኘትና መብረር ታስተምረዋለች፤ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ከመንጋው ጋር መሰደድ አለበትና። ሲተረጎም እንኳ ታሪኩ ይይዛል። በበጋ ከሩቅ አገር መጥተው ጣና ዳር ለሚሰፍሩት ወፎች ለምትቀርብ ሴት ስደተኛ ወፍ ማስረዳት አያስፈልግም። «ክንፉ ሳይጠና ለምን ትገፋዋለች?» ብላ ሮቦቷን ተቆጣች። የእህቴ ልጅ ነጥብ ያስቆጠረ መስሎት ልጄን አያት።

«ኢንሳይድ አውት 2» ግን ፈተና ሆነብኝ። ታሪኩ ያለው አሥራ ሦስት ዓመት በሞላት ልጅ ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ ጭንቀት፣ ቅናት፣ ኀፍረት ሰው ሆነው ይሟገታሉ። እኔ ብቻዬን ባየው የማለቅስበት ፊልም ነው። ለእናቴ ስተረጉም ግን ሃያ ደቂቃ ላይ ትንፋሽ አጠረኝ። «ልጅቷ አልታመመችም አይደል?» አለችኝ፤ ከዚያ እንቅልፍ ወሰዳት። ልጄ አዘነች። የፒክሳርን ጥበብ ለመንቀፍ አይደለም። ያ ቤት በቃል ይሠራል፤ ቃሉ ካልተሻገረ ፊልሙም አይሻገርም። በአንጻሩ የዚሁ የፒክሳር «ዎል-ኢ» መጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ገደማ ንግግር የለውም ማለት ይቻላል። የድሪምወርክስ «ዘ ፕሪንስ ኦፍ ኢጂፕት» የሙሴ ታሪክ ስለሆነ አያቶቻችን ከእኛ በላይ ያውቁታል፤ ተርጓሚዎቹ እነሱ ይሆናሉ። የእንግሊዙ አርድማን «ሾን ዘ ሺፕ» በጎችን ይዞ ያለ አንድ ቃል ያስቃል። የእኔ ማወዳደሪያ አሁን ይኸው ነው፦ እናቴ ወደ ማድ ቤት ትሄዳለች ወይስ አትሄድም?

በአማርኛ ድምፅ ቢሠሩስ ትሉኝ ይሆናል። እችላለሁ የሚል ባለሙያ ጠፍቶ አይደለም። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ አናግሮ እናቴን ከነጎረቤቶቿ ይዟቸው ነበር። ለልጆችም ቢሆን የእኔ ትውልድ ያደገው አባባ ተስፋዬ ሳህሉ በአማርኛ ሲተርቱለት ነው። ብሩክታዊት ጥጋቡም መምህርነቷን መነሻ አድርጋ ከባለቤቷ ጋር የሠራቻት ቀጭኔዋ ፀሐይ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልጆችን በአማርኛ አስተምራለች። የእነሱው «ጥበብ ገርልስ» ደግሞ የእኛው አኒሜሽን ነው። ትላልቆቹን ፊልሞች አማርኛ ለማናገር ግን ፈቃድ መግዛት፣ ተዋናይ መክፈል ያስፈልጋል፤ ያ ገንዘብ የሚመለሰው ደግሞ ሰው ከፍሎ ሲያይ ነው። በሥራዬ ይህን ሒሳብ ለማንም ማስረዳት እችላለሁ። ከዚያ ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ፍላሽ ትዝ ይለኝና ዝም እላለሁ። ሦስቱም ፊልሞች ለአንዳቸውም አንድ ብር አልከፈልኩም።

ባሕር ዳር ከተመለስን በኋላ «ፍሎው» ላይ ያመለጠን ነገር እንዳለ የእህቴ ልጅ ደረሰበት። ፊልሙ ሲያልቅ ያ ግዙፍ የባሕር እንስሳ ውኃው ሸሽቶበት ደረቅ መሬት ላይ ወድቆ ነበር የተውነው፤ እናቴም «አይ፣ ምስኪን» ብላ አዝናለት ነበር። ስሞቹ ሁሉ ካለፉ በኋላ ግን አጭር ትዕይንት አለ። ባትሪው ያላደረሰን።

ልጄ ስልኬን ቀምታ አዲስ ዘመን ደወለች። «እምዬ፣ አልሞተም!» አለች። «ማን?» ሳትላት አትቀርም፣ ልጄ ስልኩን በእጇ ሸፍና ወደ እኔ ዞረች።

«ማሚ፣ ዌል በአማርኛ ምንድን ነው?»

«ዓሣ ነባሪ።»

«እምዬ፣ ዓሣ ነባሪው! እየዋኘ ነው!»