ሙት ወቃሹ ደብተር

እ.ኤ.አ. በ1992 ማይክል ባሬት የተባለ የሊቨርፑል ሰው አንድ አሮጌ ደብተር ይዞ ለንደን ብቅ አለ። መጨረሻው ላይ የተፈረመው ስም «ጃክ ዘ ሪፐር» ነው፤ በ1888 በለንደን ኋይትቻፕል አምስት ሴቶችን የገደለው፣ እስካሁንም ማንነቱ ያልታወቀው ሰው። በውስጡ የተተረከው ሕይወት ደግሞ የሊቨርፑሉን የጥጥ ነጋዴ የጄምስ ሜይብሪክን ይመስላል። ሜይብሪክ በ1889 ሞቷል፤ መርዛዋለች ተብላ ሞት የተፈረደባት ሚስቱ ፍሎረንስ ቅጣቷ ተቀይሮላት እስከ 1904 ታስራለች። ደብተሩ በ1993 መጽሐፍ ሆኖ ታተመ፤ ዛሬም አማኞች አሉት። እኔ አላምነውም።

የቀለሙ ምርመራ ውጤት እርስ በርሱ ስለሚጣላ እሱን እተወዋለሁ። የእጅ ጽሑፉ ከሜይብሪክ ጋር አለመመሳሰሉም፣ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ተቆርጠው መውጣታቸውም ያጠራጥራል። ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ደብተሩ የሚያውቀውና የማያውቀው ነገር ነው።

ከአምስቱ ሟቾች አንዷ ሜሪ ኬሊ በተገደለች ሰሞን ጋዜጦች ገዳዩ ጡቶቿን ቆርጦ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ ብለው ጻፉ። አስከሬኗን የመረመረው ሐኪም ግን አንዱ ከጭንቅላቷ ሥር፣ ሌላው ከቀኝ እግሯ አጠገብ እንደነበር መዝግቧል። ደብተሩ የሚለው ጋዜጦቹን ነው። በገዛ እጁ ያደረገውን ሰው እንዴት እንደ ጋዜጣ ይሳሳታል? በሌላ በኩል ሌላዋ ሟች ካተሪን ኤዶውስ ላይ የተገኘውን ባዶ የቆርቆሮ ክብሪት ቀፎ ደብተሩ ያውቃል፤ ያውም በፖሊስ የዕቃዎቿ ዝርዝር ውስጥ በሰፈረበት አጻጻፍ። ያ ዝርዝር ለሕዝብ የታተመው በ1987 ነው፤ ደብተሩ ብቅ ሊል አምስት ዓመት ሲቀረው።

ባሬት ራሱ በ1994 አጭበርብሬ የሠራሁት ነው ብሎ ለጋዜጣ ተናገረ፤ ኋላ ካደ፤ ቃሉንም ደጋግሞ ቀየረ። ስለዚህ ኑዛዜውን ብቻ ይዤ አልፈርድም። ግን ደብተሩን ከማሳየቱ በፊት፣ በ1992 መጋቢት ላይ፣ ባዶ ገጾች ያሉት የ1880ዎቹ ማስታወሻ ደብተር በመጽሐፍ ነጋዴ በኩል ሲያፈላልግ ነበር። ይህን እንዴት አልፈዋለሁ?

አማኞቹ «ሐሰት ከሆነ አንተ አስረዳ» ይላሉ። እኛ ስለ ሟች ክፉ ልናወራ ስንል እንኳ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ብለን ነው የምንጀምረው። ሜይብሪክ ታማኝ ባል አልነበረም፤ አርሰኒክም ይወስድ ነበር። ይህ በአምስት ነፍስ አያስጠይቀውም። የሚከሰው ማስረጃውን ያምጣ።

የሚያንገበግበኝ ሌላም አለ። የኤዶውስ ዝርዝር ክብሪት ቀፎ ብቻ አይደለም። ሻይ የያዘች ትንሽ ቆርቆሮ፣ ስኳር የያዘች ሌላ፣ ስድስት ቁራጭ ሳሙና፣ መርፌና ስፒል የተሰካበት ቀይ ጨርቅ አለበት። ቋሚ መኖሪያ ያልነበራት ሴት ቤቷን በኪሷ ይዛ ትዞር ነበር። ደብተሩን የጻፈው ሰው ከዚያ ሁሉ የወሰደው ባዶውን ቀፎ ነው።